ስሙ የማይጠራው ቅጠል

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት የጉሮሮ ካንሰር ታማሚ የጨረር ሕክምናዋን አቋርጣ ከሆስፒታል ወጣች። ለእኔ ለጋዜጠኛው ከስፖርት ዴስክ ወደ ጤና ዴስክ የተዛወርኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ዘሃራ ትባላለች፤ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ትሸጣለች። የሆስፒታሉ በር ላይ ሂጃቧን በንዴት እያስተካከለች አገኘኋት።

“ወንድሜ፣ ጨረሩ ዕጢውን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ጤነኛ ቆዳዬንም ነው” አለችኝ። “የባህል ሐኪሙ አባባ ቶሎሳ የሚቀባና የሚጠጣ ቅጠል ሰጡኝ፣ በረደልኝ። ዶክተሯ ደግሞ ‘ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ተዪው’ ትላለች። ከሁለቱ አንዱን መተው ካለብኝ ማሽኑን ነው የምተወው!”

በእሷ ፈቃድ ሐኪሟን ዶክተር ሄለንን አነጋገርኩ።

“ከጨረሩ ጋር ሌላ የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች። ያንን የሚያዳክም ቅጠል አለ” አለችኝ። “ጨረሩ በተቋረጠ ቁጥር ደግሞ ዕጢው ፋታ ያገኛል። ቅጠሉን ንገረኝ፤ የማይጎዳት ከሆነ እኔው ራሴ እቀባታለሁ!”

አዘጋጃችን ጋሽ መርድ ስልክ ላይ ሳቁብኝ። “የስፖርት ሰው፣ ‘ፍቱን መድኃኒት ተገኘ’ ብለህ እንዳትጽፍብኝ። ያልተጣራውን ጣል።”

በማግስቱ ሰላማዊት ከምትባል የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው የአባባ ቶሎሳ ቤት ወጣን። በእኛ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስሙ ማን ነው?” የሚል ነው። እሳቸውን ያስቆጣቸውም እሱው ጥያቄ ሆነ።

“የመድኃኒት ስም አይጠራም። ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል። አባቴ እንኳ በጣታቸው አሳዩኝ እንጂ አልነገሩኝም።”

“አባባ፣ ዘሃራ ጨረሩን ትታለች” አልኳቸው።

ብድግ አሉ። “ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ማን ተዪ አላት? ቃጠሎውን እንድትችለው ብዬ እኮ ነው የሰጠኋት!”

ከዘራቸውን አነሱ። “ስም አልጠራም። እግሬን ግን ማንም አልከለከለውም።”

የእንጦጦን ዳገት እሳቸው ሲፈጥኑበት እኛ ቁና ቁና እየተነፈስን ተከተልን። ባሕር ዛፉን አልፈው ቢጫ አበባ ካወጣ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሙና ከዘራቸውን ተደግፈው ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

“አሜጃ!” ብላ ጮኸች ሰላማዊት።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ያዙ። “አንቺ ልጅ፣ ቀስ! እኔ አልሰማሁም።”

ልቤ ፍጹም ቅጣት ምት እንደሚጠብቅ ተመልካች ይደልቅ ነበር። “የሚጠጣው ይኼ ነው” አሉ። ወረድ ብለው ሰፊ፣ ጸጉራም ቅጠል ካለው ተክል አጠገብ ደግመው ቆሙ፤ የሚቀባው ነው። “ቀጠጥና” አለችኝ ሰላማዊት፣ አሁን በሹክሹክታ።

“የአሜጃ ዘመዶች የሌላ መድኃኒት ኃይል እንደሚቀንሱ ይታወቃል፤ ስለዚህኛው ግን ጥናት አላየሁም” አለች። “ቀጠጥናም ጤነኛ አካልን ከጨረር ይጠብቃል የሚል ማስረጃ የለኝም። ቅጠሉን ቤተ ሙከራ አስገባዋለሁ።”

ለዶክተር ሄለን ደወልኩ። መልሷ አጭር ነበር፤ መጠጡ ይቁም፣ ቅባቱ ከማሽኑ በፊት አይነካት፣ ከማሽኑ በኋላ ያልቆሰለው ቆዳ ላይ ብቻ፣ እሷ እያየች።

መልእክቱን ለዘሃራ ያደረሱት አባባ ቶሎሳ ናቸው። ላምበረት ድረስ አብረን ወረድን።

“እርስዎም ከዶክተሮቹ ጋር አበሩ?” አለቻቸው።

“ቅጠሉ የትም አይሄድም ልጄ። አሁን ተራው የማሽኑ ነው።”

ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታ እንደገና አጠፈችው። “እሺ። ግን አብረውኝ ይመጣሉ።”

ዛሬ ጤና ዴስክ ለሚገቡ ጀማሪዎች የምነግራቸው ይኼንን ነው፦ ስም የማይነግርህን ሰው ቦታውን እንዲያሳይህ ጠይቀው፤ ያየኸውን ለሚያውቅ ሰው አሳይ፤ ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ነው ብለህ ጻፍ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ዘሃራ አንገቷን ታጥባ ወደ ጨረር ክፍሉ ገባች። አባባ ቶሎሳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።