በኮረብታው በር የቀረው ጓዴ

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጓደኛዬ ሰብለ ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ። «ጫማሽን ክተቺበት። እዚህ ጥለሽው ከገባሽ ስትወጪ በባዶ እግርሽ ነሽ» አለችኝ። አሁን ሁሉም ሰው እንዲህ ነው፤ በአንድ እጁ ያማትባል፣ በሌላው ፌስታል አንጠልጥሏል። እኔም ተቀብዬ ከተትኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን ሐሳቤ ካደግኩበት ከጋፋት ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ጓዴ ዘንድ ነበር።

ጓዴ የአያቴ ውሻ ነበር። አያቴን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። እኔ ዳዴ ስል ጓዴ ቡችላ ነበር አሉ፤ እኔ ገና ልጅ ሆኜ እሱ ሸመገለ። እሁድ እሁድ ሦስታችን ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እንወጣለን። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ መጀመሪያ የድንች ማሳ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ በላይ ድንጋይና እሾሃሙ ኮሸሽላ ብቻ። ጓዴ ጥቂት ይቀድምና ቆሞ ይጠብቀናል። በኋላ በኋላ ግን እየጠበቀን ይሁን እያረፈ መለየት አቃተን። «አይ ጓዴ፣ አስመሳይ! ይቺን እንኳ ከእኔ ነው የተማርካት» ይሉት ነበር አባባ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።

ሌላው ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ቤተ መቅደሱ ጋ ሲደርስ ነው። አባባ ግን ከውጭው በር ያወልቃሉ፤ እኔንም ያስወልቁኛል። ውሻ ግቢ አይገባምና ጓዴ በሩ ሥር ጫማችን ላይ አገጩን ጥሎ ይተኛል። ወጥተን እስክናደርገው ድረስ ዳቦ ቢጥሉለት እንኳ ንቅንቅ አይልም።

አባባ የሞቱት በጥቅምት፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ቀን የማስታውሰው ሌላ ሰው እንደነገረኝ ነገር ነው። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ የአክስቴን የየሻረግን የነጠላ ጥለት አያለሁ። አስከሬኑን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ እኔና ጓዴ ከኋላ ቀረን። እሱ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ እኔ ድካሙም አልተሰማኝም። ቀብሩ አለቀ፣ ሰው ወረደ፣ እኔም ከሰው ጋር ወረድኩ።

ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ ስበላ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አባ ተካ መጡ።

«ያ ውሻ በሩ ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ። ብጠራው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ሲመሽ ጅብ ይበላዋል።»

«ወይኔ! ጌታውን እየጠበቀ እኮ ነው» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ደረቷን መትታ።

የሻረግ ወደ እኔ ዞረች። «ውሻው እንኳ ከመቃብራቸው አልለይም ብሏል፤ ያሳደጓት ልጅ ግን ንፍሮ ታላምጣለች። ጠብ የሚል እንባ እንኳ የላትም!»

እውነቷን ነው፣ አልነበረኝም። ንፍሮው ጨው ይኑረው አይኑረውም አላውቅም። «እኔ አመጣዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር፦ ጓዴ ከእኔ ይበልጥ ይወዳቸው ነበር ማለት ነው። ይህም ቢሆን አላሳመመኝም። ነፋሱ ገብሱን ያንሿሿዋል፣ ጀንበር ታዘቀዝቃለች፣ እኔ እወጣለሁ።

ጓዴ በሩ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሲያየኝ ጭራውን አንዴ መሬት ላይ መታ።

«ና ጓዴ። አባባ አይመጡም» አልኩት።

የሚያየው ወደ መቃብሩ አልነበረም። እግሬን ነበር። ጎንበስ ብዬ አገጩን ቀና ሳደርገው ከሥሩ ሰማያዊዋ የላስቲክ ጫማዬ አለች።

ቁልቁል አየሁ። በባዶ እግሬ ነበርኩ። ያንን ሁሉ ድንጋይ በባዶ እግሬ ወርጄ፣ ለቀስተኛ መሐል ተቀምጬ፣ በባዶ እግሬ ተመልሼ ወጥቻለሁ። ማንም ልብ አላለም፤ እኔም አላወቅኩም።

ጫማዬን ሳደርግ ጓዴ ወዲያው ተነሳ። የኋላ እግሮቹን ተራ በተራ አፍታታና ቀድሞኝ ቁልቁለቱን ጀመረ። ድንጋያማውን ሳንጨርስ እግሬ ይሰማኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ተረከዜ፣ ቀጥሎ ኮሸሽላ የወጋኝ ጣቴ።

«አባባ፣ እሾህ!» አልኩ ሳላስበው። እሾህ የሚያወጡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ጓዴ ብቻ ቆሞ ዞረ፣ ዳገቷን እያነከሰ ተመልሶ መጣና አጠገቤ ተኛ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን የሻረግ ብታይ ደስ ይላት ነበር። ጓዴ ግን እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ወደ ቤት የገባነው ለዐይን ያዝ ሲያደርግ ነው።

ጓዴም በቀጣዩ ክረምት ሞተ። ስለዚያ ቀን ሲወራ ዛሬም ሰው የሚለው ጌታውን ሲጠብቅ ቀረ ነው። አላርማቸውም። እሱ ግን ሲጠብቅ የነበረው ተመልሳ መምጣት የምትችለውን ነው፤ ይህንን ማወቅ ለእኔ ይበቃኛል።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ፌስታሉን ለሰብለ መለስኩላት። «ለሚቀጥለው አልፈልገውም። በሩ ላይ ነው የምተወው።»

«አንቺ፣ ይሰርቁሻል ስልሽ!»

«ይስረቁኝ» አልኳትና ጫማዬን አጥልቄ በሩ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ዞር ብዬ አየሁት።