ጋሽ ገብረመድህን የፈረሙበት ፋይል

እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት የነገደች ሴት ማድነቅ አታበዛም፤ ቶሎ ያደነቀ ቶሎ ይታለላል። ጋሽ ገብረመድህንን ግን አደንቃቸዋለሁ፤ ያውም በዚህ በአፌ ሰው ፊት ካዋረድኳቸው በኋላ። ስለዚህ የሳቸውን ነገር ከማንም በፊት እኔ ልናገረው ይገባኛል።

ነገሩ በ1974 ዓ.ም. ነው። ጋሽ ገብረመድህን ናይሮቢ መሀል ከተማ፣ አንድ ኢንሹራንስ ውስጥ የጉዳት ገማች ነበሩ። መኪና ሲጋጭ ሄደው ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፤ ኩባንያው የሚክሰው እሳቸው በጻፉት ነው። አዲስ አበባም ሥራቸው ይኸው ነበር። ደርግ ኢንሹራንሶቹን ሲወርስ ከአዲሶቹ አለቆች ጋር አልተስማሙም፤ በሞያሌ በኩል ወጡ። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከአንዲት ግራጫ ኮት ሌላ የላቸውም፣ በኪሷ ሜትር አትጠፋም። ለሕፃን ልጅ ሳይቀር “እርስዎ” ይላሉ። ማታቱ የሚባለውን የከተማ ታክሲ ተሳፍረው ሾፌሩ ሲከንፍ፣ “ወንድሜ፣ ነገ መጥቼ የምለካዎ እኔ ነኝ፣ ቀስ ይበሉ” ይሉታል፤ ያም ሰው ይስቅና ቀስ ይላል።

ኪሊማኒ ከሰው ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እሁድ እሁድ ግን ኢስትሊ ይመጣሉ። መኪናው የተጋጨበት የኛ ሰው ሁሉ ሻይ ቤት ይከባቸዋል፤ ቅጹን ይሞሉለታል፣ ማመልከቻውን ይጽፉለታል። ማንም ሻይ ጋብዟቸው አያውቅም፤ እምቢ ይላሉ።

እኔ አንዲት ፔጆ ፒክአፕ ነበረችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆቼን ያሳደገች እሷ ነች ብል ወላሂ አልዋሸሁም። ከኢምባካሲ መጋዘን ልብስ ታመጣልኛለች፣ ያን ሸጬ እንበላለን። የሚነዳት የእህቴ ልጅ አብዱልፈታ ነው፤ ከአገር ከመጣ ገና ስምንት ወሩ። አገራችን በቀኝ ይነዳል፣ እዚህ በግራ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከመጋዘኑ በር ሲወጣ መንገዱ ባዶ ሆነለትና እጁ እንደለመደው ቀኙን ያዘ። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ፊት ለፊት! አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ፔጆዬ ግን ኮፈኗ ተጨማደደ፣ ራዲያተሯ ተበሳ፣ የፊት እግሯ ተጣመመ።

የጭነት መኪናው ሾፌር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አለኸኝ የሚባል የጎጃም ሰው፣ የእርዳታ እህል የሚያመላልስ! ሁለቱም በስዋሂሊ ሊሰዳደቡ አፋቸውን ከፍተው፣ “አንተ የኛ ሰው ነህ እንዴ?” ተባባሉ። ፖሊስ መዝግቦ ሳይጨርስ ተቃቅፈው ነበር። በማግስቱ እኔ ሱቅ ሽማግሌ ተቀመጠ። አብዱልፈታ ተነስቶ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ” አለ። ትከሻ ተሳሳሙ፣ ወረቀት ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ተመረቀ።

እኔ ጅሏ ደግሞ ምን አደረግሁ? ያቺን የእርቅ ወረቀት ከካሳ ማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ጋሽ ገብረመድህን ለሚሠሩበት ኢንሹራንስ አስገባሁ! ተጣልቶ ከመጣ ሰው ይልቅ ታርቆ የመጣ ቶሎ የሚካስ መስሎኝ። ማን ያውቃል? እኛ ዘንድ የታረቀ ሰው ይመሰገናል እንጂ ይቀጣል?

ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። በውሉ መሠረት ደንበኛ ኩባንያውን ሳያስፈቅድ ጥፋት ማመን አይችልም፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈው ወረቀት ተተርጉሞ እስኪታይ ካሳው ታግዷል ይላል። ወረቀቱ ጥፋት ያመነ ሆኖ ከተገኘ ካሳ የለም። ፔጆዬ ጋራዥ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተኝታ ቀረች፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

መካሪ ደግሞ ሞልቷል። “ተርጓሚው ገብረመድህን አይደል? ምን ታስቢያለሽ?” አሉኝ። አዲስ ወረቀት ተጻፈ፤ የጭነት መኪናው ነው መስመር የሳተው የሚል። ሦስት ሰዎች “በዓይናችን አይተናል” ብለው ፈረሙበት። አንዱም ያን ቀን ከኢስትሊ አልወጣም! እሁድ ሻይ ቤት ይዤላቸው ሄድኩ።

“ጋሼ፣ የፊተኛው ወረቀት በስህተት የገባ ነው። በሱ ፋንታ ይቺን ይተርጉሙልኝ።”

አነበቧትና መነጽራቸውን አወለቁ። “ወይዘሮ ሳፊያ፣ እነዚህ ሰዎች ያን ቀን ኢምባካሲ ነበሩ?”

“ኖሩ አልኖሩ እርስዎን ምን ቸገረዎት?”

“ይቸግረኛል። ሄጄ ለክቻለሁ። የጎማው ምልክት አሁንም አስፋልቱ ላይ አለ፤ ልጁ በሰው መስመር ነው የገባው። ለሥራ አስኪያጁ ‘ያገሬ ሰው ናት፣ ሌላ ገማች ይመድቡላት’ ብዬ ነበር፤ አማርኛ የሚያነብ የለም ብለው መለሱልኝ።”

“ታዲያ ልጆቼ ይራቡ?”

“የእርስዎ ውል ሙሉ ውል ነው። ቢያጠፉም ይክስዎታል። ፈጽሞ የማይክስዎት ቢዋሹ ነው። እባክዎ ይቺን ወረቀት ይቅደዷት።”

ምላሴን ይቁረጠውና፣ ሰው በተሰበሰበበት ከ“እርስዎ” ወደ “አንተ” ወረድኩ። “አንተ የባዕድ ሎሌ! ለእንጀራህ ስትል ወገንህን ትሸጣለህ? ልጅ የለህ፣ ሚስት የለህ፣ የልጅ ረሃብ ምን ታውቃለህ!” እሳቸው ቀስ ብለው ተነሱ፣ የሻያቸውን ከፈሉ፣ የኔንም ከፈሉ፣ ወጡ።

ረቡዕ ቢሮ ተጠራሁ። የሐሰቷን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የሄድኩት፤ እሳቸው ሲተረጉሙ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ልጥላት። ሥራ አስኪያጁ ወፍራም ህንድ ነው። ጋሽ ገብረመድህን ቆመው የእርቁን ወረቀት በእንግሊዝኛ አነበቡለት። የንግድ እንግሊዝኛ አላጣም፤ ገብቶኛል። አንዲት ቃል አላስቀሩም፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ሳይቀር! ሰውዬው ፋይሉን ከደነው። “ጥፋቱን አምኗል። አለቀ” አለ።

“አላለቀም ጌታዬ” አሉት፣ የለኩትንም ሥዕል ፊቱ ዘረጉ። “ውሉ ይህን የከለከለው ደንበኛ ያላጠፋውን አምኖ እንዳይጎዳን ነው። ይህ ልጅ ያመነው ያጠፋውን ነው፤ መንገዱም የሚለው ያንኑ ነው። ምን ጎዳን? እውነት ስለተናገረ ብንከለክለው ከነገ ጀምሮ አንድ ደንበኛ እውነት አይነግረንም።”

ሰውዬው ብዙ አሰበ። “በስምህ ትጽፈዋለህ? ዋናው ቢሮ ካልተቀበለው ተጠያቂው አንተ ነህ።”

“እጽፋለሁ” አሉና እዚያው ፈረሙ።

እኔ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያቺን ወረቀት እዚያ ሰዓት አውጥቼ ቢሆን ኖሮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነበርኩ። ደረጃው ላይ ቀዳድጄ ጣልኳት።

በአምስተኛው ሳምንት ካሳው ተፈቀደ። ፔጆዬ ተጠግና፣ ቀለሟ ተቀብታ፣ እንደ ሙሽራ ከጋራዥ ወጣች። ላመሰግናቸው ቢሮ ብሄድ አልነበሩም። ጸሐፊዋ ዋንጂሩ ግን ወደኔ ጠጋ ብላ፣ “ማማ፣ ይህ ሰው ላንቺ ሲል ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። የሥራ ፈቃዳቸውን ያወጣላቸው ያ ኩባንያ ነው። ዋናው ቢሮ እምቢ ቢል ይባረራሉ፣ ፈቃዱም ይሰረዛል። አምስቱን ሳምንት ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነው የጠበቁት።

ያ ረቢ! እኔ ምኑን አውቄ! በቀጥታ ኪሊማኒ ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ሰላም እንኳ አላልኩም።

“ጋሼ፣ ባይቀበሉትስ ኖሮ?”

“ወደ አገር መመለስ ነዋ።”

“ለኔ? ለዚያች ለተሳዳቢዋ ሴት? ምን አድርጌልዎት!”

በዚያው በዝግታ ድምፃቸው ነገሩኝ። “ወንድሜ ታስሯል፣ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ያልሠራውን ሠርቷል፣ በዓይናችን አይተናል ብለው የፈረሙበት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። አንዷ ጎረቤታችን ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጆች አሏት፣ ለነሱ ፈርታ ነው የፈረመችው። ያን እሁድ ወረቀቱን ሲሰጡኝ እሷን መሰሉኝ። እሷን ያን ቀን ‘ይቅርብሽ፣ ቅደጂው’ የሚላት ሰው አጠገቧ አልነበረም።”

እኔ፣ ገበያውን በምላሴ የምገዛዋ ሳፊያ፣ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው ገብተው አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጡና ጎንበስ ብለው፣ “ይጠጡ፣ ወይዘሮ ሳፊያ” አሉኝ።