አባቴን የሚያዞረው ቲቪ

አዋሽ በሄድኩ ቁጥር ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ስታጠፍ አንገቴን እደፋለሁ። የምሸሸው የሰፈሩን ሰዎች ሰላምታ ነው። «እንደምን ሰነበትሽ፣ ሰመራ እንዴት ናት» ካሉኝ በኋላ የሚከተለውን አውቀዋለሁ። «ቲቪውስ? አሁንም አባትሽን ያዞረዋል?» ይሉና ይስቃሉ። እኔ ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ስልክ የሚገዛም ኮምፒውተር የሚገዛም መጀመሪያ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። አዋሽ ላይ ግን ለገዛ አባቷ የሚያዞር ቲቪ የገዛች ልጅ ነኝ።

ስለ ቲቪ ያወቅኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከመሸነፍ ነው። ልጅ ሳለሁ አዋሽ ጌም ቤት ውስጥ፣ ከኋላው ትልቅ በሆነው በድሮው ቲቪ ላይ፣ በኳስ ጨዋታ የማላሸንፈው ወንድ አልነበረም። ሰመራ ተቀጥሬ ፍላት ቲቪ ገዛሁና መሸነፍ ጀመርኩ። ሰመራ ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ የሚወጣበት አይደለም፤ ፋን ከፍቶ ቤት መዋል ነው። የሥራ ባልደረቦቼ እየመጡ በገዛ ቤቴ ያሸንፉኛል። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ተጫዋቼ የሚመታው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ቱግ ባይ ነኝና መጀመሪያ ከሰዎቹ ተጣላሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

የድሮው ቲቪ እያንዳንዱን ምስል ብልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ዓይን በመሀል ያርፋል፤ የሚሮጥ ነገር ጠርዙ ሳይደበዝዝ ይታያል። ፍላቱ ግን ሌላ ምስል እስኪመጣለት ድረስ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ዓይናችን ኳሷን ተከትሎ ሲሄድ ምስሉ ባለበት ስለሚጠብቅ ኳሷ ትደበዝዛለች። ፋብሪካዎቹ ይህን ለመሸፈን አንድ ዘዴ አላቸው። ቲቪው ራሱ በሁለት ምስሎች መካከል፣ ማንም ያልቀረጸውን ምስል ፈጥሮ ያስገባል። መካከለኛውን ለመፍጠር ደግሞ ቀጣዩን አስቀድሞ ማየት አለበት፤ ጌም ላይ የሚያዘገየው ለዚህ ነው። ለጌሜ አጠፋሁትና ማሸነፍ ጀመርኩ። ፊልም ሳይ ግን አበራው ነበር፤ ለስለስ ማለቱን ወድጄዋለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው። የሚወደው ነገር ከጣቢያው ጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ የድሮ ፊልም ማየት ነው፤ ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ አቧራ ያለበት ፊልም ከሆነ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ አይጠይቅም። ሁሉም ተሰብስበው የሚያዩት እኛ ቤት ነበር። አሮጌው ቲቪው ጭሶ ሲሞት ቤቱ ጭር አለ። ለፋሲካ ትልቅ ፍላት ገዝቼ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከሰመራ ተነሣሁ። ሚሌ ላይ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለኝ ተጨቃጨቅን፤ ገዋኔ ላይ ሰው ለምሳ ሲወርድ እኔ ሳልበላ ቲቪዬን ስጠብቅ ቆየሁ።

የፋሲካ ዕለት ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ገጠምኩት። አልተሸማቀቅኩም፤ ንግግር ሁሉ አድርጌያለሁ። የድሮው ቲቪ ምን እንደሚያደርግ፣ ይሄኛው በምን እንደሚበልጥ፣ ፊልሙ ሳይንገጫገጭ እንዴት እንደሚፈስ አስረዳሁ። «ሰዎቹ እኮ ከውስጡ ሊወጡ ነው!» አለች ሱቅ ያላት ጎረቤታችን። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ አየና «ተባረኪ ልጄ» ብሎ አየር ልቀበል በማለት ወጣ። ደስታ አሸንፎት መስሎኝ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎረቤት ያልመጡት ሐጂ ብቻ ነበሩ። ሐጂ ጣቢያው ውስጥ ትኬት ሲሸጡ የኖሩ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። ያኔ ባለቤታቸውን ቀብረው ገና ሐዘን ላይ ነበሩ።

ወራት አለፉና አንድ ቀን እናቴ ስልክ ላይ «አባትሽ ያንን ቲቪ አያይም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ያዞረኛል ይላል። ማታ ማታም ከቤት አይገኝም።»

«አንቺንስ ያዞርሻል?»

«እኔማ ድራማዬን አያለሁ፤ ምን የመሰለ ነው!»

ነገሩ እዚያው ላይ ሊገባኝ ይችል ነበር። የእናቴ ድራማ ሲቀረጽም ለስላሳ ነው፤ ቲቪው የሚጨምርበት ብዙ የለም። እኔ ግን የሄድኩት ወደ በሽታ ነው። ጨው ይቀንስ፣ ግፊቱን ይለካ፣ ስኳሩን ይታይ እያልኩ ከሰመራ በስልክ አዘዝኩ። አባቴ ለሁሉም «እሺ እናቴ» ይላል። ግፊቱም ስኳሩም ደህና ሆነ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መጣሁና አዳማ ድረስ ይዤው ሄጄ ዓይኑን አስመረመርኩት። ሐኪሙ ፊደሎቹን አስነበበው፤ አንዱንም ሳይስት እስከ ታች ድረስ ወረደ። በመመለሻችን አባቴ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ መጣ።

አዋሽ ገብተን ልብሴን ቀይሬ ስመለስ አባቴ የለም። «ሐጂ ቤት ነዋ» አለች እናቴ። ልጠራው ሄድኩ። መጋረጃውን ስገልጥ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ላይ ፕላዝማ ቲቪ አለ። ፕላዝማ ሲባል ለእኔ ዕድሜ ሰዎች ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ፣ ጽፈን ሳንጨርስ ሒሳብ እያስተማረ የሚያልፈን ነበር። ይሄኛውን የሐጂ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ከጅቡቲ በገላፊ ኬላ በኩል ያመጣላቸው ነው። ወፍራም ነው፣ ይሞቃል፤ በአዋሽ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። የጣቢያው ሰዎች ሸሚዛቸውን ከፍተው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገው ላባቸውን እየጠረጉ ፊልም ያያሉ። አባቴ ከፊት ተቀምጧል። ቤታችን ያዞረኛል ብሎ የተወውን ያንኑ ፊልም እየሳቀ ያያል።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሐጂ ናቸው የቀደሙት።

«ነይ ግቢ ልጄ። አትቆጪው። የኛ ቲቪ አሮጌ ነው ግን አያዞረውም።»

«የተማረ ሰው የገዛው እኮ ነው የሚያዞረው!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ዓይኔ ፕላዝማው ላይ አረፈ። ፈረሰኛው ሜዳውን ያቋርጣል። ፈረሱ ከባድ ነው፣ አቧራው ከባድ ነው፤ ፊልም በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ብቻ ስለሚቀረጽ እርምጃው ውስጥ ትንሽ እንቅጥቅጥ አለ። ፕላዝማ ብልጭ ድርግም እያለ የሚሠራ ስለሆነ ምስሉን ሳያደበዝዝ፣ ይሄኛውም ከራሱ ምንም ሳይጨምርበት፣ የተሰጠውን እንዳለ ያሳያል። እኛ ቤት ይኸው ፈረሰኛ እንደ ሠርግ ቪዲዮ ነበር፤ ይንሸራተታል፣ ክብደት የለውም። ያንን ሁሉ ንግግር ሳደርግ አይቼዋለሁ፤ አላስቸገረኝም። ለጨዋታዬ ስል ያጠፋሁትን ነገር ለአባቴ አብርቼ ሰጥቼው፣ ሲያዞረው ዓይንህን ታመሃል ብዬ አዳማ ወስጄዋለሁ። እዚያው በራፉ ላይ ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሪሞቱን ይዤ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና ያንን ምስል የሚጨምር ነገር አጠፋሁት። አባቴን ጠርቼ ፊልሙን ከፈትኩለት። ፈረሰኛውን በዓይኑ ተከተለው።

«ይኸው!» አለ በኋላ። «ሰውየው አሁን ነው የሚሄደው።» ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። «እኔ እኮ ዓይኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ሐዲድ ሳይ ኖሬ፣ ልጄ የገዛችልኝን ቲቪ ማየት አቃተኝ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? አፈርኩ።»

እሱም ሲያፍር ነበር የከረመው። ልቤ ተነካ፣ ግን እኔ እኔ ነኝና ወዲያው ስሜን ማደስ አሰኘኝ።

«አሁኑኑ ሄጄ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ! ዛሬ ማታ ሁሉም እዚህ ይምጡ!»

«ተዪው» አለኝ።

«ለምን እተዋለሁ?»

«ሐጂ ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሩን ዘግቶ ይተኛ ነበር። እራት አይበላም። በሩ የተከፈተው እኛ ማምሸት ስንጀምር ነው።»

«እሳቸውም እዚህ ይምጡና ያምሹ!»

«በዚያ በታመመ ጉልበቱ? በጨለማ በሰው ተደግፎ ሲሄድ ከሚታይ ሞቱን ይመርጣል።»

«ታዲያ አንተ ሂድ፤ ማን ከለከለህ?»

«ቲቪዬ ደህና ሆኖ ከሄድኩማ አዝኖልኝ ነው የሚመጣው ብሎ በሩን ይዘጋዋል። አላውቀውም እንዴ? አሁን የሚያዝንልኝ እሱ ነው። ወንበር አዘጋጅቶ፣ ሻይ አፍልቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«እኔስ? የኔስ ስም?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «አንቺ የምትኖሪው ሰመራ ነው» አለኝ።

እናቴ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። በሩን ወርውሬ ወጣሁ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አለመናገሩ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። አባቴ ቀን ቀን መጋረጃውን ጋርዶ ፊልሙን በደንብ ያያል፤ ማታ ደግሞ አዞረኝ ብሎ ሐጂ ቤት ይሄዳል። ሰፈሩ ውስጥ ቲቪ የሚገዛ ሰው የሚያማክረው ሐጂን ሆነ። ባለሱቋ ጎረቤታችን ፍላት ስትገዛ እኔ እዚያው አዋሽ ነበርኩ፤ በአጠገቤ አልፋ ሄዳ እሳቸውን ጠየቀች። የገዛችው የማይረባ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ፤ ምን ብዬ እናገራለሁ? ሰመራ ተመልሼ ራሱ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ አዋሽ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አፌ ይያያዛል። ለሚቀጥለው ፋሲካ ግን ሁሉንም እንደምናገር ለራሴ ማልኩ።

ፋሲካ ደረሰ። በዚህኛው ሐጂ መጡ፤ ቀን ስለሆነ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። እናቴ የኛን ሥጋ እንደማይበሉ ስለምታውቅ ለሳቸው ዳቦና ፍራፍሬ ለብቻ አቅርባለች። ቤቱ ሞላ። ሰው በልቶ ሲጨርስ ባለሱቋ አጨበጨበች።

«እስቲ ይህን የሚያዞር ቲቪ ዛሬ እንየው!»

«አዎ» አሉ ሐጂ። «እኔም አይቼው አላውቅም።»

አባቴ አየኝ፤ ከዚያ ወለሉን አየ። ቲቪው ደህና ነው። ፊልሙን ብቻ ብከፍተው፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ፣ ሁሉም በዓይናቸው ያዩልኛል። የማልኩለት ቀን ራሱ መጣልኝ። ሪሞቱን አነሣሁ። ሐጂ አባቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ ለማታ ስለገዙት ሻይ ቅጠል ይነግሩት ነበር።

ፊልም የምፈልግ መስዬ ሴቲንጉ ውስጥ ገባሁ። ያጠፋሁትን አበራሁ፤ መጠኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ፊልሙን ለቀቅኩ።

ፈረሰኛው ሜዳው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሐጂ ወደ ፊት ጠጋ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨበብ አደረጉ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ወላሂ ያዞራል! ሰውየው እኮ ፈረስ ላይ አይደለም፤ ሳሙና ላይ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይሄንን ነው ተምረሽ የገዛሽው?» አለች ባለሱቋ። በገዛ እጄ ያደረግኩት ስለሆነ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አላለኝም። ፊቴ እንደዚያ ማታ ጋለ፤ የማየው ቢጠፋኝ ሪሞቱን አገላብጬ አየሁ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ ሐጂ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው። «ሰው ይሳሳታል። በሚቀጥለው ስትገዢ አማክሪኝ።»

«እሺ አባ ሐጂ» አልኩ።

አባቴ ሊሸኛቸው ብድግ አለና ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ። ወንበሩን ያዘ። አባቴ ማስመሰል እንደሚችል ያን ቀን ነው ያየሁት።

«አዞረህ እንዴ? አጥፊው እንጂ ልጄ፣ ሰውየውን ልትገድዪው ነው?» አሉ ሐጂ ተነሥተው። ክንዱን አጥብቀው ያዙ። «ናማ፣ እኔ እደግፍሃለሁ። ቤት ገብተህ ሻይ ጠጣና ይለቅሃል።»

ቲቪውን አጥፍቼ እስከ ደጃፍ ተከተልኳቸው። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ መሀል መንገዱን ይዘው ሄዱ። ወደ ቤት ስመለስ የሐጂ ከዘራ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው።