ልጅ ያልነበረበት የአራስ ቤት

ከሆስፒታል በወጣሁ በማግስቱ ጎረቤቴ ግቢው መሃል ጀሪካን አንስቼ አገኘችኝ። ግማሽ እንኳ ያልሞላ ጀሪካን ነበር። ድሬዳዋ ውሃ ሲመጣ ሰው እንቅልፉንም ህመሙንም ትቶ ነው የሚነሳው፤ እኔም ከማን አንሼ ብዬ ወጣሁ። እሷ በሯ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። ትሪውን ጣለች፣ አንዱን ነጠላ ጫማዋን እዚያው ትታ እየሮጠች መጣችና ጣቶቼን ከጀሪካኑ እጀታ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

"አቦ አብደሻል እንዴ? አራስ ውሃ ትሸከማለች?"

"አልወለድኩም እኮ፣ አዴ።"

"ሆድሽን ከፍተው ማህፀንሽን አውጥተዋል አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ የወለደችስ የምታርፈው ሆዷ ስለተጎዳ አይደል? ግቢ! ወላሂ ካልገባሽ እጮሃለሁ።"

እየጮኸች ነበር። ግን አልነገርኳትም፣ ገባሁ።

አዴ በኦሮምኛ ለእናትም ለትልቅ ሴትም የሚባል ነው፤ እኔም እንደ ትልቅ እህትም እንደ እናትም ስለማያት ነው የምላት። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል፤ መጋላ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታ ስትጣላ የሚችላት የለም። እኔም የዋዛ አይደለሁም። የጉምሩክ ዕቃ አስተላላፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን ከመጋዘን ኃላፊ፣ ከሹፌርና ከፈታሽ ጋር ስከራከር ነው የፈጀሁት። እሷ ፊት ግን ወሬዬ ያልቅብኛል።

የማህፀን በር ካንሰር ነው የተገኘብኝ። ሐረር ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝና ሐኪሙ የወጣው ነገር ተመርምሮ የጨረር ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ ነገረኝ። ጨረሩ አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋ አለው። ቁስሉ እስኪድን በደንብ ብዪ፣ ከባድ ነገር እንዳትነኪ፣ ስልክሽን ክፍት አድርገሽ ጠብቂ ተባልኩ። መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። ሥራዬ ሰው ማስቸኮል ነው።

ሌላም መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ልጅ የለኝም። ከባሌ ጋር የተለያየነውም በዚሁ ነው፣ እሱ ሌላ ሌላ ምክንያት ቢደረድርም። በግቢያችን ሴት በወለደች ቁጥር ሳሙናዬንና ቅቤዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ በር አካባቢ እቀመጣለሁ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀድሜ እወጣለሁ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ አዴ "አራስ" ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ማህፀኔ ከወጣ በኋላ ነው እንዴ አራስ የምባለው?

እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። በኦሮምኛ ኡልማ ይሉታል፣ እኛ የአራስ ቤት የምንለውን። አርባ ቀን እስኪሞላት ሴትየዋ ከደጅ አትወጣም፣ ብቻዋን አትተውም፣ ከባድ አታነሳም፣ ንፋስ አይነካትም። አዴ ሱቁን ለምራቷ አስረክባ ይህን ሁሉ በእኔ ላይ አወጀች። የግቢውን ሴቶች ሰብስባ ተራ አወጣችላቸው፤ ጠዋት ገንፎ የምታገነፋ፣ ከሰዓት አብሽ የምታመጣ፣ ማታ አጠገቤ የምትተኛ። ከቢዮ አዋሌ ገጠር ከሱቋ ጨርቅ ሊገዙ የሚመጡ ደንበኞቿ ሳይቀሩ ወተት ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ። ሁሉም አመጡ፤ ማን ደፍሮ ይቀራል!

የተጣላነው በቬንቲሌተሩ ነው። የድሬን ሙቀት የማያውቅ አይፍረድብኝ። እኔ ይከፈት እላለሁ፣ እሷ ንፋስ ይመታሻል ትላለች። "ሙቀቱ ይገድለኛል" ስላት "አራስ በሙቀት ሞታ አታውቅም" አለችኝ። በመጨረሻ ቬንቲሌተሩን ከፍታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ግድግዳው ሲነፍስበት ከረመ፣ እኔ አላበኝ። ያም ሆኖ ሁለታችንም ያሸነፍን መስሎን ነበር።

ገላዬን መጀመሪያ ያጠበችኝ እሷ ናት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጋ ራሷ ሄዳ ቁስሉ ውሃ ይንካው አይንካው፣ ሆዴ በመቀነት ይታሰር አይታሰር ጠይቃ መጥታለች። አይታሰር ስለተባለች ቅር ብሏት ነበር፣ ግን አላሰረችኝም። ልብሴን ሳወልቅ ዓይኖቼን ጨፈንኩ። እኔ ራሴ ያንን ስፌት ገና አላየሁትም ነበር። እሷ ጎንበስ ብላ እንደ ሱቋ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

"ሐኪሙ ጥሩ ሰፊ ነው" አለች። "እጁ አልተንቀጠቀጠም። እስቲ እይው።"

አየሁት። እውነትም ቀጥ ያለ ነበር።

ታላቅ እህቴ ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቤቱ በሴት ተሞልቶ አገኘችው። ጓዳ ወስዳ በሹክሹክታ "እያላገጡብሽ ነው እኮ! ላልወለደች ሴት ገንፎ?" አለችኝ። ከዚያ ወጥታ አዴን በአክብሮት "እናቴ፣ እርስዎን ማስቸገር አይሆንም፣ ከእንግዲህ እኔ አለሁ" አለቻት።

"እርስዎ ሲሉኝ የሞትኩ ይመስለኛል" አለች አዴ። "ድሬ ነው ያለሽው፣ አንቺ በይኝ። እንኪ፣ ሳይቀዘቅዝ አጉርሻት።" የገንፎውን ሳህን እጇ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። እህቴ እያጉረመረመች አጎረሰችኝ። ብዙም ሳይቆይ ቅቤ አነሰው ብላ የምትቆጣው እሷ ሆነች።

አንድ ቀን ከወዲያኛው መንደር አንዲት አሮጊት እልል እያሉ ገቡ። የአራስ ቤት መኖሩን ሰምተው ነው የመጡት፤ ሌላውን አልሰሙም። የህፃን ኮፍያና ሳሙና ይዘዋል። "ልጁን አሳዩኝ እስቲ!" አሉ። እህቴ ፊቷ ቀላ፣ ከሴቶቹ አንዷ መሬት መሬት አየች። እኔ ግድግዳው ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

አዴ ብቻ አልደነገጠችም። "ልጅ የለም፣ አዴ። ሴትየዋን ነው የምንጠይቀው። ታኢ፣ ተቀመጪ።"

አሮጊቷ ተቀመጡ። ትንሽ አሰቡና ኮፍያውን ወደ ጉያቸው መለሱት፣ ሳሙናውን ግን ወደ እኔ ገፉት። "ይሄ ላንቺም ይሆናል" አሉ። ሳቄ መጣ፤ ስፌቱን በሁለት እጄ ደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ያን ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ አዝኜ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከበር ላይ ሆኜ ያየሁት ቤት ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ያስገባችኝ አዴ ናት። ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ በእንክብካቤ የተያዝኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ስልኩ የተደወለው ገና አርባው ሳይሞላ ነው። ሰኞ መጥተሽ ጨረሩን ጀምሪ አሉኝ። ተራሽ ካለፈ ቀጣዩ መቼ እንደሚደርስ እርግጠኛ ሆነን አንነግርሽም አሉ። "ደውዬ አሳውቃችኋለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ፈራሁ። ቀዶ ሕክምናውን ያን ያህል አልፈራሁም፤ ተኝቼ ነው ያለፈው። ይሄ ግን ነቅቼ፣ በእግሬ እየሄድኩ፣ ደጋግሜ የምገባበት ነገር ነው። የመጣው ይምጣ፣ እዚሁ ልተኛ አልኩ በልቤ። ለእህቴ ግን ያልኳት ሌላ ነው። "አርባዬ አልሞላም፣ አልወጣም። አዴን ጠይቂያት።" እስከ ግቢው በር እንኳ የማታስወጣኝ ሴት አዲስ አበባ ሂጂ እንደማትለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

እህቴ እያለቀሰች ጠራቻት። አዴ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሁሉንም ሰማች።

"ልጇ የታመመባት አራስ ምን ታደርጋለች?" አለች በመጨረሻ።

"ሐኪም ቤት ትወስደዋለቻ" አለች እህቴ።

"አርባዋ ሳይሞላ?"

"እኔ ልጅ የለኝም!" አልኩ። ደሜ ፈላ። "እያወቅሽ ምን ታናግሪኛለሽ?"

"አለሽ" አለች። መዳፏን ደረቴ ላይ አስቀመጠች። "ይቺውና። ታማለች።"

ለቅሶዬ መጣ፣ ግን እልኬም አልለቀቀኝም። "ታዲያ ያ ሁሉ ሕግ ምን ነበር? አትውጪ፣ ንፋስ አይንካሽ ስትይኝ የከረምሽው?"

እጇን አላነሳችም። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

"የመጀመሪያ ልጄ ነበር። ትኩሳት ያዘው። አማቴ አርባሽ አልሞላም፣ አትወጪም አለችኝ። ልጅ ነበርኩ፣ እሺ አልኩ።" ግቢው ውስጥ ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ስለዚህ ልጅ አንድም ቀን አልሰማሁም። "አርባውን ጠበቅኩ። እሱ አልጠበቀኝም።"

ስልኬን አንስታ ሰጠችኝ። ደወልኩና ሰኞ እመጣለሁ አልኳቸው።