ንፍሮ ያልበላው ማሽን

የኮከብ እጆች ነጭ ሽንኩርት ይጎነጉናሉ። አገዳውን ካገዳው ታጠላልፋለች፣ ትስባለች፣ ትቋጥራለች። እናቷ ለደባርቅ ገበያ የምታወጣው ነው። ጉንጉኑን ጨርሳ እጇን ብትታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ያርጋል አፍንጫውን ይይዛል።

«ኮምፒውተሩን ወጥ አደረግሽው እኮ!» ይላታል።

እሱ ራሱ የሽንኩርት ልጅ! አባቱ ዳባት ላይ ሽንኩርት ሸጦ ነው ያስተማረው። ዛሬ ግን «ጋሼ» ሲሉት ይከፋዋል፤ «ሥራ አስኪያጅ» በሉኝ ይላል።

የሚያስኬደው ሥራ ይህ ነው፦ ለሎጁ፣ ለአስጎብኚው፣ ለብርድ ልብስ ሻጩ ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ማውጣት። ማውጣቱም ቢሆን የእሱ አይደለም። ወኪል የሚባሉ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ፕሮግራሞች የቢሮው ፎቶ ሁሉ ከሚከማችበት ቋት ይመርጣሉ፣ ቃሉን ይጽፋሉ፣ ይለጥፋሉ። እሱ ወንበር ያሞቃል።

ኮከብ ደግሞ ወኪሎቹ ፎቶ ለሚጭኑበት መሣሪያ መመሪያ ትጽፋለች። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚቀበል፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ እምቢ ሲል ምን ብሎ እንደሚመልስ። ወኪሎቹ በየማለዳው መመሪያውን አንብበው ሥራ ይጀምራሉ፤ የተጻፈውን ይፈጽማሉ፣ ያልተጻፈውን አይነኩም። መሣሪያው የተሰቀለ ፎቶ የሚያወርድበት ትእዛዝም ነበረው። ያርጋል ግን ከለከላት።

«ማውረጃውን እንዳትጽፊው። አውርዱልኝ ማለት የለመደ ሰው ሥራ ያበዛል።»

ልጅቷም ሳትጽፈው ተወችው። እንጀራ ነው፤ እሺ ያሰኛል።

በዚያ ሰሞን ዳባት የምትኖረው የእመት በለጠች ልጅ፣ ሸጋው የሚባለው፣ የጭነት መኪና ይዞ ሊማሊሞን ሲወርድ ገደል ገብቶ ሞተ። ያርጋል አብሮ አደጉ ነውና ለቅሶ ሄደ። ሄዶስ? ሰው ደረቱን ሲመታ እሱ ስልኩን ደግኖ ፎቶ ያነሳል። ስልኩ ያነሳው ሁሉ ደግሞ በቀጥታ የፎቶ ቋቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህን እሱም ያውቃል።

ወኪሉ ከቋቱ ውስጥ በለጠችን አገኘ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አፏን ከፍታ ሙሾ ስታወርድ። ሙሾ ምን እንደሆነ ማን ነግሮት? ከብርድ ልብስ ጋር ሰቀላትና ከሥሯ «ሙቀት ሲኖር ይዘፈናል!» ብሎ ጻፈ።

አንድ ጠዋት በለጠች የቢሮውን ደረጃ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጣች። ጎረቤት በስልክ አሳይቷት ነው።

«ያርጋል፣ እስቲ እየኝ። እኔ ዘፋኝ ነኝ?»

ከወንበሩም አልተነሳ። «እማማ፣ ማሽኑ ነው የመረጠው። እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ።»

«ልጄን ሊቀብር የመጣው ማሽኑ ነው?»

«እሱማ...»

«ንፍሮዬን የበላውስ? ‹ጨምሩልኝ› ያለው ማሽኑ ነው?»

ኮከብ ሳቋም እንባዋም እንዳይታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ምን ይመልሳል? «ሰዉ እኮ ወዶታል፤ ብርድ ልብሱም እየተሸጠ ነው። ጥቂት ይቆይና እናየዋለን» አላት።

«እሑድ አርባው ነው። የበየዳ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ልጇ ሞቶ የምትዘፍን እያሉኝ ልቀመጥ?»

«እናየዋለን አልኩዎት!»

በለጠች አልረገመችውም። ነጠላዋን ሰብስባ ወረደች። ያርጋል እግሯ ደረጃውን ሳይጨርስ ወደ ኮከብ ዞረና «ጥፋቱ የወኪሉ ነው ብለሽ መመሪያው ላይ አስገቢ» ብሎ አዘዛት።

ልጅቷ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸቱ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። ያዘዛትን ግን አልጻፈችም። የተከለከለችውን የማውረጃውን ትእዛዝ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ጻፈች፤ ከመመሪያው አናት ላይም ጥቂት መስመር ጨመረች።

በማግስቱ ወኪሎቹ መመሪያውን አነበቡ። አልተከራከሩም፣ ምሳ ላይ ነበርኩም አላሉም። የበለጠች ፎቶ ወረደ። እሑድ ዘመዶቿ ሲመጡ በስልካቸው ላይ የቀረው ብርድ ልብሱ ብቻ ነበር።

«ማን አወረደው?» ብሎ ጮኸ ያርጋል።

«ማሽኑ ነው» አለችው።

ሊያባርራት አፉን ከፈተ። ግን መመሪያው የት ተከፍቶ እንደሚጻፍ አያውቅም፤ ሥራ አስኪያጅ አይደል! አፉን መልሶ ዘጋው፤ ኮከብ ካወቀችው ጀምሮ ያደረገው ደግ ነገር ይኸው ነው።

መመሪያው ዛሬም በእነዚያ በኮከብ መስመሮች ይጀምራል፦

«ይህን የምታነብ፣ ሰውም ሁን ማሽን፣ ፎቶ ከመጫንህ በፊት በፎቶው ላይ ያለችው ሴት መፍቀዷን ጠይቅ። ሳትፈቅድ ተሰቅላ ካገኘሃት አውርዳት። አፏን የከፈተች ሁሉ አትዘፍንም። እባክህ፣ መጀመሪያ ጠይቅ።»