በነዳጁ ኦቨን ያሞቅሁት ሽሮ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልናገርና ፍረዱብኝ።

ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ለሮኬት የሚሆን ጠጣር ነዳጅ የሚያጠና ላብራቶሪ ነበር። የድሮው ነዳጅ ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ነዳጅ ደግሞ ሮኬቱን ያፈነዳል። ስለዚህ ሙቀት የሚችል አዲስ ነዳጅ ለማግኘት ስንት ዓመት ተለፋ። የመጨረሻው ናሙና ለወራት ኦቨን ውስጥ ይቆያል፤ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል የሚጠብቁት ጋሽ ታደሰ ናቸው። በዚያ ጥናት ላይ አርጅተዋል። «ይሄኛው ይችላል፣ ታያለህ» ይሉኝ ነበር።

ዓቢይ ጾም ገባ። የሠራተኛው ማይክሮዌቭ ቤከን ቤከን፣ የአሳማ ጥብስ ይሸታል። እኔ ጿሚው፣ እኔ ጻድቁ፣ ሽሮዬን እዚያ አላስገባም አልኩ! ጋሽ ታደሰ ዞር ሲሉ ኦቨኑን ከፍቼ ከናሙናው አጠገብ አሞቅሁ። ጾሙን ሙሉ አደረግሁት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል። በዚያ ከፍ ዝቅ ናሙናው ተሰነጠቀ።

ምክንያቱ ሲፈለግ ኦቨኑ ውስጥ የፈሰሰ ሽሮ ተገኘ። አለቃችን የጠረጠረው ጋሽ ታደሰን ነው። «የኔ አይደለም» አሉ። እኔን ጠርቶ «የማን ነው?» አለኝ። ጋሽ ታደሰ ስኳር ስላለባቸው አይጾሙም፤ ምሳቸው እንቁላል ነበር። ፈረንጆቹ ይህን ከየት ያውቃሉ? የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «አላውቅም» አልኩ። እኔ! በዚህ አፌ!

አባረሯቸው። ጥናቱም አብሮ ተዘጋ። ከሥራው ጋር የሕክምና ኢንሹራንሳቸው ሄደ፤ ኢንሱሊናቸውን ለማብቃቃት ይቀንሱ ጀመር። ኋላ እግራቸው ተቆረጠ።

ዛሬ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ሰው ዊልቸራቸውን ስገፋ አይቶ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላል። ወይ ጉዴ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዘንድሮ በጾሙ ኮልፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ የመኪናውን ቀበቶ ስፈታላቸው እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን እኮ እኔ የያዝኩት እንቁላል ነበር» አሉ።

ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለጉት።

«ቅዳሴው ሳይገባ እንድረስ፣ ጋሽዬ» አልኳቸውና ዊልቸሩን ላወርድ ወደ ኋላ ዞርኩ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታውን እሳቸው እዚያች መኪና ውስጥ ይዘውልኝ ነበር። ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ።