ገና የለም

ደረሳ ዋቅወያ አሥራ አንድ ዓመት ዝናብ ለካ። መደበኛ ሥራው የትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነበር፤ ዝናቡ ተጨማሪ ነው። ከአርጆ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በሽቦ አጥር የተከበበ የመዳብ ዕቃ ቆሞ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሳ ዕቃው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስታወት መለኪያ ይገለብጣል፣ ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከውሃው ጋር ያስተካክላል፣ ያነበበውን ካርድ ላይ ይጽፋል። ወር ሲያልቅ ዋናውን ካርድ አዲስ አበባ ላለው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በፖስታ ይልካል፤ ቅጂውን መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተዘለለም። እሱ ከሌለ ባለቤቱ ሎሚ ታነባለች።

የከተማው ሰው "አባ ቦካ" ይለዋል። ቦካ በኦሮምኛ ዝናብ ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተው ረዲ ግን ቃሉን እንደ አማርኛ እየወሰደ፣ በየጠዋቱ በኦሮምኛ ሰላም ብሎት ይቀልድበታል።

"አከም ቡልቴ አባ ቦካ። ዛሬስ ቦካ ወይስ ቂጣ ሆኖ ቀረ?"

"ቂጣ ነው" ይላል ደረሳ፣ ካልዘነበ።

በ1976 ክረምት ረዲ መቀለዱን ተወ። በዚያ አካባቢ በሰኔ ወር በአማካይ 232 ሚሊ ሜትር ይዘንብ ነበር፤ በዚያ ሰኔ የዘነበው 74 ነው። ሐምሌም ከግማሽ በታች ሆነ። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሰው ስለ ዝናብ ጮክ ብሎ ማውራት አቆመ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ተቃርቦ ነበር፤ ከበዓሉ በፊት የችግር ወሬ ያወራ ሰው ምን የሚል ስም እንደሚወጣለት ሁሉም ያውቃል።

በዓሉ አለፈ። በጥቅምት 1977 ወልደዮሐንስ የሚባል የአፈር ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው ሸለቆው ከወሎ የሚመጡ አንድ ሺህ አባወራዎችን መቀበል ይችል እንደሆነ ማጥናት ነበር። አፈር ቆፍሮ አየ፣ የደረሳን ካርዶች ገለበጠ፣ ነቀምቴ ሄዶ ጻፈ። ዝናቡ አስተማማኝ እንዳልሆነና ጉድጓድ ሳይቆፈር ሰው መምጣት እንደሌለበት ገለጸ። በሳምንቱ የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሽብሩ ባለሙያውን በላንድሮቨር ይዞት ተመለሰና ሕዝቡን ሰበሰበ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። የበዓሉ ቀይ ጨርቅ እስከዚያ ቀን ከግድግዳው ላይ አልወረደም። ሽብሩ የሰኔን ካርድ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

"ድርቅ ያለው ወሎ ነው" አለ። "ወለጋ ድርቅ የለም። ወለጋ ድርቅ አለ የሚል ሰው፣ የወሎ ሕዝብ እዚያው ተቀምጦ ይለቅ እያለ ነው። እንደዚህ የሚል ሰው እዚህ አለ?"

ጣቱን ካርዱ ላይ አሳረፈ።

"ካርዱ ግን ይላል።"

ወልደዮሐንስ ተነሣ። "ካርዱ ድርቅ አይልም ጓድ። ሰባ አራት ነው የሚለው።"

"ሰባ አራት ያለው ማን ነው? አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ።"

"አሥራ አንድ ዓመት የለካ ጸሐፊ ነው።"

በዚህ መሀል ኦቦ ጨመዳ እጃቸውን አወጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከብቶቻቸው የሚግጡት ሸለቆው ውስጥ ነው። "ኩባያው ልክ ነው" አሉ። የመዳቡን ዕቃ ኩባያ ነው የሚሉት። "እኔ ምስክር ነኝ። ያ ኩባያ ዋሽቶ አያውቅም።"

ሽብሩ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት መዘዘ። "ኦቦ ጨመዳ፣ በ1973 ማመልከቻ አስጽፈዋል። 'ኩባያው ዝናባችንን እየሰረቀ ስለሆነ ይነሣልን' ይላል።"

"ያን ጊዜ በደንብ አልተዋወቅንም ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። ደረሳ አልሳቀም። ዝናብ ከሌለ ሰፋሪ አይመጣም፤ ሰፋሪ ካልመጣ የጨመዳ ግጦሽ ይተርፋል። ሽብሩም ይህን ያውቃል። ሁለቱም ስለ ዝናብ እየተከራከሩ አልነበረም፤ በመካከላቸው የቆመው ቁጥር ግን የእሱ ነበር።

"ቁጥሩን እንተወው" አለ ሽብሩ ካርዱን አንሥቶ። "እዚህ ግርጌ፣ ማስታወሻ በሚለው ቦታ፣ ሰኔ 17 ቀን የተጻፈ አለ። ላንብብላችሁ። ገና የለም።"

ደግሞ አነበበው። "ገና የለም።"

ሳቁ ጠፋ። ደረሳ ጽሑፉን ያውቀዋል። ሰኔ ላይ እህቱ ነቀምቴ ሞታ ለቀብር በሄደ ጊዜ ዝናቡን የለካችው ሎሚ ናት። ካርዱ ላይ የጻፈችው ያየችውን ነው። በኦሮምኛ ገና ማለት ክረምት ነው፤ ቀኑ ሰኔ 17 ሆኖ ክረምት የለም አለች። ደረሳ ሲመለስ አነበበው፣ እውነት ነው ብሎ አለፈው። ቃሉ በአማርኛ የበዓል ስም መሆኑ ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም።

አዳራሹ ውስጥ ላለው ሰው ግን አሁን ትዝ አለው። የከተማው ጸሎት ቤት ከታሸገ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። በታሸገ ሳምንት የሎሚ ወንድም ነመራ፣ የጸሎት ቤቱ ወንጌላዊ፣ ከዚሁ ትምህርት ቤት በር ላይ በመኪና ተወሰደ። የት እንዳለ የነገራቸው የለም። ልብሱም አልተመለሰም።

"የሌለው የቱ ገና ነው?" አለ ሽብሩ። "የከለከለውስ ማን ነው?"

"ዝናቡ ገና ነው፣ አልመጣም ለማለት ነው እኮ" አሉ ኦቦ ጨመዳ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

"የማን ጽሕፈት ነው?"

ሎሚ ከሴቶቹ አግዳሚ ላይ ስትነሣ ደረሳ በዐይኑ ጥግ አየ። ቀድሟት ቆመ።

"የእኔ ነው።"

ሽብሩ ካርዱን አጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተ። "ሐሙስ ነቀምቴ ትመጣለህ" አለ። "ብቻህን።"

ቤት እንደደረሱ ሎሚ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

"አባ አዱኛ" አለችው እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም፣ "እኔ ልሂድ። ክረምት ማለቴ ነው ብዬ ላስረዳቸው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው።"

"አያስፈልግም።"

"ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ያጣሉ? ጽዳት የምትሠራዋን ቢጠይቁ ትነግራቸዋለች።"

"ነመራም አስረዳቸዋለሁ ብሎ ነበር መኪናው ውስጥ የገባው" አለ ደረሳ።

ሎሚ ሹራቡን በትንሽ ሻንጣ አኖረችለት። ቀጥላ ወፍራም ካልሲ ጨመረች። ካልሲው ላይ ስትደርስ ደረሳ ፊቱን አዞረ፤ ለነመራም፣ ይደርሰው እንደሆነ ሳታውቅ፣ እንደዚሁ ወፍራም ካልሲ ልካለት ነበር።

ረቡዕ በአውቶቡስ ነቀምቴ ገባ፤ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር ያለ የአጎቱ ልጅ ቤት አደረ። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሽብሩ ቢሮ ደረሰ። አግዳሚ ላይ ተቀመጥ አሉት። እስከ ስምንት ሰዓት ስሙን የጠራ የለም። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ጠየቀ። በሦስተኛው ጊዜ ዘበኛው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ውሃ የምትለካው ለካ ለዚህ ነው" አለው። አግዳሚው ላይ ከጎኑ የነበሩት ሰዎች ፈገግ አሉ። እሱም አብሯቸው ፈገግ አለ፤ አለማለትን ፈራ።

በመጨረሻ ሲያስገቡት ሽብሩ ብቻውን ነበር። ድምፁ እንደ ስብሰባው ቀን ከፍ ያለ አልነበረም።

"ገና በኦሮምኛ ምን ማለት ነው?"

"ክረምት ነው ጓድ። ክረምት ለማለት ተፈልጎ ነው።"

"አውቃለሁ። ያደግሁት አምቦ ነው።"

ደረሳ ትንሽ ተነፈሰ። ወዲያው ግን ከቅድሙ የበለጠ ፈራ። ሰውዬው ስብሰባው ላይም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

"ክረምት ከሆነ" አለ ሽብሩ፣ "ካርዱ ክረምት አልነበረም እያለ ነው። ያ የሰፈራ ጉዳይ ስለሆነ እዚሁ እኔ ጋ ያልቃል። የገና በዓል ከሆነ ግን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው። እዚያ ከገባ እኔም ልመልሰው አልችልም።" ሁለተኛ ወረቀት አወጣ። "ከሰኔ 12 እስከ 20 ነቀምቴ ነበርክ። ርዕሰ መምህሩ የፈረመልህ ፈቃድ ይኸው። ሰኔ 17 ዝናቡን የለካው ማን ነው?"

ደረሳ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየ።

"የነመራ እህት አይደለችም?"



ሽብሩ ሦስተኛውን ወረቀት አስጠጋለት። በታይፕ የተጻፈ ነው። የዝናብ መለኪያው ከሥሩ የተቀደደ በመሆኑ የሰኔና የሐምሌ 1976 ንባብ ትክክል አለመሆኑን፣ ይህንንም በፈቃዱ ማረጋገጡን ይናገራል።

"አልተቀደደም" አለ ደረሳ። እንዴት እንዳመለጠው አላወቀም።

"ሰኞ ሦስት ሰዎች መጥተው ያዩታል። ቀዳዳ ካገኙ የተቀደደ ነው። የተበላሸ ካርድ ይሰረዛል፤ ካርዱ ሲሰረዝ ላዩ ላይ የተጻፈውም አብሮ ይሰረዛል። ገባህ?"

"ባለሙያውስ? ወልደዮሐንስ?"

"እሱ በተበላሸ መለኪያ ጥናት የጻፈ ሰው ነው።"

ደረሳ ፈረመ። ፊርማው የእሱ አይመስልም ነበር። ሽብሩ በሥሩ ስሙን እንዲጽፍ አደረገው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። ደረሳ የመዳቡን ዕቃ ከአጥሩ አውጥቶ ደረጃው ላይ ደፋው። ሎሚ እንዳይንከባለል በሁለት እጇ ያዘችለት። ምስማሩን አቁሞ መዶሻውን አነሣ፣ ግን አልመታም።

"ትንሽ አድርገው" አለች ሎሚ። "በኋላ ይደፈናል።"

"ትንሽ ከሆነ አያዩትም።"

በሦስተኛው ምት በሳው። ምስማሩን አወዛውዞ አሰፋው። የቀዳዳው ጠርዝ አዲስ መዳብ ሆኖ ስላብለጨለጨ ሎሚ ጭቃ አምጥታ ቀባችው። ይህን የነገራት የለም።

ሰኞ ሦስቱ ሰዎች መጡ። ውሃ ሞሉበት፤ ፈሰሰ። አንደኛው ጻፈ፣ ሌላው ስቆ፣ "ይሄ ዕቃ ባይቀደድ ኖሮ ወለጋን ጎርፍ ይወስደው ነበር" አለ። ዕቃውን ጭነው ሄዱ። ሌላ እንደሚላክ ለደረሳ ነገሩት፤ አልተላከም። ወልደዮሐንስ ከጥናት ሥራ መነሣቱ በወሩ ተሰማ። ወዴት እንደሄደ ግን ደረሳ አልጠየቀም፤ መጠየቁ ራሱ እንዳያስጠይቀው ፈራ። ኦቦ ጨመዳ ገበያ ላይ ሲያገኙት ሰላም ሳይሉት ለጎረቤታቸው ነበር የተናገሩት። "ኩባያው ሌባ ነው ስል የሳቃችሁት ሁሉ፣ አሁን ሳቁ።"

ሎሚን ማንም አልጠራትም። ያም ሆኖ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ነገር ታስቀምጥ ነበር።

በጥር ሰፋሪዎቹ በጭነት መኪና መጡ። ወደ ሸለቆው ከመውረዳቸው በፊት ውሃ እንዲጠጡ ትምህርት ቤቱ ግቢ አስገቧቸው። ሎሚ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቧንቧው ሥር ቆማ በጣሳ ትቀዳላቸው ነበር። በሩ ላይ ሁለት ሚሊሻዎች መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አንድ ጋቢ የለበሰ ወሎዬ፣ ጉንጮቹ የጎደጎዱ፣ ሰው አመላክቶት ወደ ደረሳ መጣ።

"የዝናቡ ሰው እርስዎ ነዎት አሉኝ። እንዲያው ክረምቱ እዚህ እንዴት ነው? አምናስ ጥሎ ነበር?"

"መለኪያው ተበላሽቷል" አለ ደረሳ።

"መለኪያውን አይደለም የኔ ጌታ። እርስዎ አምና እዚህ አልነበሩም? በዐይንዎ ያዩትን ነው።"

ከሚሊሻዎቹ አንዱ ቀና ብሎ ወደ እነሱ ተመለከተ። ደረሳ ሎሚን አየ። ጣሳውን አስቀምጣ ነበር።

"ዘንቧል" አለ ደረሳ። "ደህና ዘንቧል።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ሰውዬው። ወደ መኪናው ተመልሶ ላዩ ላይ ለቆዩት ነገራቸው። አንዱ ሽማግሌ ድጋሚ ጠየቀው፤ ሰውዬው ወደ ደረሳ እየጠቆመ ያንኑ ደገመለት። ሽማግሌው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን የዘር ከረጢት አፍ ፈታ፣ እህሉን በመዳፉ አፍሶ አየና መልሶ አሰረው።